አንድ ምልክት ያላቸው ሁለት ባምፐሮች፦ ከቁርጥራጭ እስከ ሰንሰለት

ሰኞ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ጥቁር የፕላስቲክ ቁርጥራጮች አሉ። ሁለቱም ከአሮጌ መኪኖች የፊት ባምፐር የተቆረጡ ሲሆኑ በጀርባቸው አንድ ዓይነት ምልክት ጎልቶ ተቀርጿል፦ «ፒፒ+ኢፒዲኤም-ቲዲ20»። ምልክቱን ማንበብ ለለመደ ሰው መልእክቱ ግልጽ ነው። መሠረቱ ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ በቀላሉ እንዳይሰነጠቅ ኢፒዲኤም የሚባል፣ ከኢትሊን፣ ከፕሮፒሊንና ከዳይን (ሁለት ድርብ ቦንድ ካለው ሞለኪውል) የተሠራ ጎማ ተቀላቅሎበታል፤ ከክብደቱም 20 በመቶው የታልክ ዱቄት ነው።

ያመጣቸው ፕላስቲክ ፈጭቶ መልሶ ለጥቅም በማዋል ሥራ ላይ የተሰማራ ባልደረባዬ ነው። እንዲህ ያሉ ባምፐሮችን አንድ ላይ አቅልጦ ለአዲስ ባምፐር የሚሆን ጥሬ ዕቃ ማዘጋጀት ይፈልጋል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ምልክታቸው አንድ ከሆነ አንድ ላይ ይፈጩ ወይስ አይፈጩ? ቁርጥራጮቹን ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረን ዛሬ ጠዋት በመዶሻ መታናቸው። «ሀ» ብዬ የሰየምኩት ታጠፈ፤ በታጠፈበት መስመር ላይ ነጣ እንጂ አልተለያየም። «ለ» ግን በአንድ ምት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። በክፍል ሙቀት ሁለቱን በእጅ አጣጥፎ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉኝ። የመጀመሪያው እርጅና ነው። ፖሊፕሮፒሊን ለፀሐይና ለአየር ሲጋለጥ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ ይቆራረጣሉ፤ አጭር ሰንሰለት ያለው ፕላስቲክ ደግሞ ተሰባሪ ነው። ሁለተኛው ጎማው ነው፤ መጠኑ ወይም ዓይነቱ በሁለቱ ቁርጥራጮች ውስጥ የተለያየ ሊሆን ይችላል። በምርመራው አንዱን ነጻ ማውጣት፣ በሌላው ላይ ማስረጃ ማቅረብ አለብኝ።

ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የማምንበትን ልጻፍ። እንዲህ ያለ ፕላስቲክ አንድ ነገር አይደለም፤ የተለያዩ ሰንሰለቶች ቅይጥ ነው። ቅይጡን እንዳለ መሣሪያ ውስጥ ማስገባት በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ሰዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ከደጅ ሆኖ እንደ ማዳመጥ ነው። ድምፅ ይሰማል፤ ማን ምን እንዳለ ግን አይታወቅም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ልብ መለየት ነው፤ መለካት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቢሆንም ቀላሎቹን ምርመራዎች በቅይጡ ላይ ማድረግ አይቀርም፤ በየትኛው በር መግባት እንዳለብኝ የሚነግሩኝ እነሱ ናቸው።

ማክሰኞ

ቀለሙን ፍቄ ካነሳሁ በኋላ ከሁለቱም መካከለኛ ውፍረት ላይ በስለታም ምላጭ ስስ ንጣፎች ቆረጥኩ። የላይኛው ገጽ የፀሐይ ታሪክ አለው፤ የመካከለኛው ክፍል ግን ፕላስቲኩ ሲሠራ የነበረውን ባሕርይ በተሻለ ሁኔታ ይዞ ይቆያል።

መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ጣልኳቸው። ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ይቀላል፤ እፍጋቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.90 ግራም አካባቢ ስለሆነ ይንሳፈፋል። እነዚህ ግን ሰመጡ። ታልክ እፍጋቱ 2.7 ግራም አካባቢ በመሆኑ 20 በመቶ ሲገባበት የቅይጡ እፍጋት ወደ 1.04 ከፍ ይላል። ውኃው ላይ አንድ ጠብታ ሳሙና መጨመር ያስፈልጋል፤ ካልሆነ የአየር አረፋ ገጹ ላይ ይጣበቅና መስመጥ የሚገባውን ያንሳፍፈዋል። በውኃ ገንዳ ፕላስቲክ የሚለይ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ ፖሊፕሮፒሊን ሁሉ ይንሳፈፋል ብሎ የሚጠብቅ ከሆነ ባምፐሮቹ ከከባዶቹ ፕላስቲኮች ጋር ተቀላቅለው ከገንዳው ሥር ይቀሩበታል።

ቀጥሎ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ናሙናው ከማይታይ ብርሃን የትኛውን እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ፤ እያንዳንዱ የሞለኪውል ክፍል የራሱን መስመር ይሰጣል። መሣሪያው ትንሽ የአልማዝ መስኮት አለው፤ ናሙናው በላዩ ተጭኖ ሲያዝ ብርሃኑ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው አንድ ወይም ሁለት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። የፖሊፕሮፒሊን መስመሮች በሁለቱም ላይ በየቦታቸው ቆመዋል፤ የሜቲል ቡድን (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) የሚታወቅበት መስመር 1376 በሴንቲሜትር ላይ፣ ከጎኑም 1456 ላይ፣ ዝቅ ብሎ 841 ላይ። ታልኩም አለ፤ በ3676 ላይ ቀጭንና ስለታም፣ በ1018 አካባቢ ሰፊና ኃይለኛ። ይህ ሰፊ መስመር የፖሊፕሮፒሊንን ጥምዝ ሰንሰለት የሚያሳዩትን የ998 እና የ973 መስመሮች ውጦ አስቀርቷቸዋል። በ720 አካባቢ ደካማ መስመር አለ፤ ኢትሊን የበዛበት ሰንሰለት መኖሩን ይጠቁማል፤ ከዚህ በላይ ግን አይናገርም።

የ«ለ»ን ቀለም ያልተቀባ የጀርባ ገጽ ስለካ በ1715 አካባቢ የካርቦኒል ጉብታ ታየኝ። ኦክስጅን የበላው ፖሊፕሮፒሊን የሚያሳየው ይህንኑ ነው። በመካከለኛው ክፍል ግን ጉብታው የለም። እዚህ ላይ ቆሞ «አርጅቷል» ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፤ ሆኖም ጥቂት ማይክሮሜትር የሚያይ መሣሪያ ስለ ሦስት ሚሊሜትር ውፍረት አይፈርድም። እርጅና ተጠርጣሪነቱ ይቀጥላል።

ረቡዕ

የሙቀት ምርመራዎች ቀን ነበር።

ናሙናውን በናይትሮጅን ውስጥ እያሞቁ ክብደቱን መከታተል ቀላል፣ ሐቀኛና ፈጣን ዘዴ ነው። ፖሊመሩ፣ ማለትም ከሰንሰለቶቹ የተሠራው ክፍል፣ በ400 እና በ490 ዲግሪ መካከል ተንኖ አለቀ። በ600 ዲግሪ ላይ ናይትሮጅኑን በአየር ስተካው ትንሽ ተጨማሪ ክብደት ወረደ፤ ይህ ለጥቁር ቀለም የገባው የካርቦን ጥላሸት ነው፤ በናይትሮጅን ውስጥ አይነካም፣ አየር ሲያገኝ ይቃጠላል። የቀረው ነጭ ዱቄት ከ«ሀ» 19.6 በመቶ፣ ከ«ለ» 20.3 በመቶ ነበር። ካልሲየም ካርቦኔት ቢኖር ኖሮ ከ600 ዲግሪ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ ሌላ ደረጃ ይታይ ነበር፤ አልታየም። ስለ ታልኩ ምልክቱ እውነቱን ተናግሯል።

ከዚያ ዲ.ኤስ.ሲ፣ ማለትም ናሙናው ሲቀልጥና ሲረጋ የሚወስደውንና የሚሰጠውን ሙቀት የሚለካው መሣሪያ። በኢንዲየም ፈተሽኩት፤ በ156.6 ዲግሪ ላይ በትክክል ቀለጠ። ናሙናዎቹን በደቂቃ 10 ዲግሪ እያሞቅኩ አቀለጥኩ፣ በዚያው ፍጥነት አቀዘቀዝኩ፣ እንደገና አሞቅኩ። የመጀመሪያው ማሞቅ የሚነግረን ባምፐሩ በሻጋታ ውስጥ እንዴት እንደቀዘቀዘና ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰበት ነው፤ ስለ ሰንሰለቶቹ የሚናገረው ሁለተኛው ነው።

«ሀ» በ164 ዲግሪ፣ «ለ» በ163 ተኩል ቀለጡ፤ የኢሶታክቲክ፣ ማለትም ሜቲሎቹ በሥርዓት በአንድ ጎን የተሰለፉበት፣ ፖሊፕሮፒሊን ቦታ ነው። በሁለቱም ላይ ከ115 እስከ 120 ባለው ውስጥ ትንሽ ጉብታ አለ፤ ኢትሊን የበዛባቸው፣ ክሪስታል መሥራት የቻሉ ሰንሰለቶች ናቸው። ሲቀዘቅዙ ሁለቱም በ125 ዲግሪ አካባቢ ረጉ። ይህ ከፍ ያለ ነው፤ የታልኩ ቅንጣቶች ለክሪስታሎቹ መነሻ ስለሚሆኑ ፖሊፕሮፒሊኑ ሳይዘገይ ይረጋል። የክሪስታሉን ድርሻ ለማስላት ሲቀልጥ የወሰደውን የሙቀት መጠን መጀመሪያ ለፖሊመሩ ድርሻ፣ ከዚያ ፍጹም ክሪስታል ለሆነ ፖሊፕሮፒሊን ለሚወሰደው 207 ጁል በግራም ማካፈል ያስፈልጋል። ታልክ አይቀልጥም፤ እሱን ሳያወጡ ማስላት ፕላስቲኩን ከእውነቱ ያነሰ ክሪስታል ያስመስለዋል። ለሁለቱም ከ37 በመቶ ብዙ ያልራቀ ቁጥር ወጣ።

የጎማውን ሁኔታ ለማየት እስከ ዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወረድኩ። በ«ሀ» ላይ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ አካባቢ መስመሩ ጥቂት ጎበጥ ያለ ይመስላል፤ በ«ለ» ላይ እርግጠኛ ሆኜ የምጠቁመው ነገር የለም። ታልኩና ክሪስታሉ አብዛኛውን ክብደት ይዘው ጎማው የሚሰጠው ምልክት ከመሣሪያው ጉርምርምታ ጋር ይቀላቀላል።

እስካሁን ያለው ሲጠቃለል ሁለቱ ፕላስቲኮች አንድ ናቸው፤ መዶሻው ግን አንድ አይደሉም ብሏል።

ዓርብ

ወደ መለየቱ ገባሁ። በዚህ ቀን ሥራ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ ቀሪው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነውና።

ዘዴው የቆየና የታወቀ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በቀዝቃዛ አሟሚ አይሟሟም፤ ክሪስታሎቹ ካልቀለጡ ሰንሰለቶቹ አይለቀቁም። በሚፈላ ዛይሊን ውስጥ ግን ሁሉም ይሟሟል። ከዚያ ፈሳሹ ወደ 25 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል መሥራት የሚችሉት ሰንሰለቶች ተመልሰው ይረጋሉ፤ የማይችሉት፣ ማለትም ጎማውና ሥርዓት የሌለው ፖሊፕሮፒሊን፣ እንደተሟሙ ይቀራሉ። ልዩነቱን ያመጣው የሰንሰለቱ አወቃቀር ራሱ ነው፤ ይህ ነው ዘዴውን እንድወደው የሚያደርገኝ።

እ.ኤ.አ. በ1954 ጁሊዮ ናታና የሥራ ባልደረቦቹ ሚላን ውስጥ ፕሮፒሊንን በዚግለር ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን በሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ወደ ፖሊመር ሲቀይሩ ያገኙት ምርት ቅይጥ ነበር። ቅይጡን በተለያዩ የሚፈሉ አሟሚዎች በየተራ እያጠቡ ለያዩት፤ በመጨረሻ ሳይሟሟ የቀረው ነጭ ዱቄት በኤክስሬይ ሲታይ ክሪስታል ሆኖ ተገኘ። ሰንሰለቱ በየ6.5 አንግስትሮም አንድ ዙር የሚጨርስ፣ በየዙሩ ሦስት የፕሮፒሊን ክፍሎችን የያዘ ጥምዝ ነው። ናታና ካርል ዚግለር በ1963 የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ያ ምርት ሳይለያይ ቢለካ ኖሮ ግማሽ ሙጫ፣ ግማሽ ዱቄት የሆነ ነገር አማካይ መልስ ብቻ ይገኝ ነበር።

ከእያንዳንዱ ናሙና 2 ግራም ስስ ፍቅፋቂ በ200 ሚሊሊትር ዛይሊን ውስጥ ጨመርኩ። ትነቱ ተመልሶ እንዲወርድ ከፍላስኩ አናት ላይ በውኃ የሚቀዘቅዝ የመስታወት ቱቦ ገጠምኩ፤ ናይትሮጅን በቀስታ እንዲያልፍ አደረግኩ፤ ሰንሰለቶቹ በሙቀቱ እንዳይቆራረጡም ቁንጥር የፀረ-ኦክሲዴሽን ዱቄት ጨመርኩበት። ዛይሊን ትነቱ በ30 ዲግሪ አካባቢ እንኳ በእሳት ሊያያዝ የሚችል ፈሳሽ ነው፤ ሥራው ሁሉ በጢስ መሳቢያው ውስጥ፣ እሳት በሌለው ማሞቂያ ላይ ነው የተከናወነው።

ከ140 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ፈላ። ፍቅፋቂው መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ ጠርዙ ጠፋ፣ በመጨረሻ ጥቁር ቀለም የመሰለ ፈሳሽ ብቻ ቀረ። ታልኩንና ጥላሸቱን ማውጣት የሚቻለው አሁን፣ ፈሳሹ በፈላበት ነው። ማጥለያውን ከነመስታወት ቅርፊቱ አስቀድሜ በሞቀ ዘይት እንዲከበብ አድርጌ ነበር፤ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ፖሊፕሮፒሊኑ ቀዳዳዎቹ ላይ ረግቶ መንገዱን ይዘጋል። በማጥለያው ላይ የሴላይት ዱቄት ንጣፍ አድርጌያለሁ፤ ያለ እሱ የጥላሸቱ ቅንጣቶች ከወረቀቱ ቀዳዳ ስለሚያንሱ አብረው ያልፋሉ። ከላይ ጥቁሩን አፈሰስኩ፣ ከታች ቀላል ቢጫ የመታው ጥርት ያለ ፈሳሽ ወረደ። ባምፐር የነበረ ነገር እንዲህ ጠርቶ ሲታይ ደስ ይላል።

ማቀዝቀዙን ቆሜ ተመለከትኩ። ለረጅም ጊዜ ምንም አይለወጥም፤ ፈሳሹ እንደጠራ ነው። ከዚያ ከፍላስኩ ግድግዳ አጠገብ ጭጋግ መሰል ነገር ይጀምርና በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁሉም ወተት መስሎ ይደፈርሳል። የተራዘመ እርጋታ እንዲኖረው 25 ዲግሪ በሆነ የውኃ መታጠቢያ ውስጥ አቆየሁት፣ አጠለልኩት። በማጥለያው ላይ የቀረው ሲደርቅ ነጭ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር ቅርፊት ሆነ። ያለፈውን ፈሳሽ በናይትሮጅን እያተነንኩ ካደረቅኩት በኋላ ክብደቱ እስኪጸና ድረስ አየር በተሳበበት ምድጃ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከሳህኑ ሥር ላጥኩት። የ«ሀ» ስስ ሽፋን ብርሃን ያሳልፋል፤ ስስበው ይለጠጣል፣ ስለቀው ወዲያው ይሰበሰባል። የ«ለ» ሽፋን ግን ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ሲለጠጥ ይከተላል፣ ሲለቀቅ የሚመለሰው በዝግታ ነው። ከዚህ ሁሉ መሣሪያ መካከል ልዩነቱን መጀመሪያ ያወቀው ጣቴ ነው።

ሚዛኑ ሌላ ነገር ነገረኝ። ከፖሊመሩ ውስጥ የሟሟው ድርሻ በ«ሀ» 27 በመቶ፣ በ«ለ» 25 በመቶ ነው። የጎማው መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነት ካለ በዓይነቱ ላይ ነው።

ከመሄዴ በፊት የተጠለለውን ጥቁር ጭቃ በሙቀትና በክብደት መሣሪያው አስፈተሽኩ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ኢፒዲኤም ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ከሆነ በዛይሊን አይሟሟም፣ ያብጣል እንጂ። እንዲህ ያለ ጎማ ቢኖር ኖሮ ከታልኩ ጋር በሴላይቱ ላይ ይቀር ነበር፤ እኔም ሳላየው ቀርቼ የሟሟውን ብቻ ጎማ ብዬ እጠራው ነበር። ጭቃው ውስጥ ግን ለመጠቀስ የሚበቃ ፖሊመር አልተገኘም። ጎማው በሙሉ ሳህኑ ላይ ነው።

ሰኞ፣ በቀጣዩ ሳምንት

ኢንፍራሬዱን በተለያዩት ክፍሎች ላይ ደገምኩት። ታልኩ ስለወጣ ስፔክትረሙ ንጹሕ ነው፤ የጠፉት የ998 እና የ973 መስመሮች በነጩ ቅርፊት ላይ ተመልሰዋል፣ የሁለቱ ናሙናዎች ቅርፊትም እርስ በርሱ ይመሳሰላል።

በሟሟው ክፍል ላይ ግን መንገዳቸው ተለያየ። በ«ሀ» ላይ የ722 መስመር ጠንካራ፣ የ1376 ደካማ ነው። በ«ለ» ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ 1376 ከፍ ብሎ ወጥቷል፣ ከ720 እስከ 735 ባለው ቦታ ሰፋ ያለ ደካማ ምልክት አለ። የዚህን ቦታ ምልክት በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሜቲሊን ቡድኖች (አንድ ካርቦን ከሁለት ሃይድሮጅን ጋር) በተከታታይ ሲሰለፉ መስመራቸው በ722 አካባቢ ነው፤ አንድ ኢትሊን ለብቻው በሁለት ፕሮፒሊኖች መካከል ሲገባ ግን ሦስት ሜቲሊኖች ብቻ ይሰለፉና መስመሩ ወደ 732 አካባቢ ይገፋል። ስለዚህ የ«ለ» ጎማ ፕሮፒሊን የበዛበት፣ ኢትሊኑም በየቦታው የተበታተነበት ይመስላል። የ«ሀ» ጎማ ደግሞ ረጃጅም የኢትሊን ሰልፍ አለው። በ1376 ላይ የሚታየው ሜቲል ግን የማን እንደሆነ ኢንፍራሬድ አይለይም፤ የፕሮፒሊንም ይሁን በሌላ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለ፣ ሁሉም በአንድ አካባቢ ነው የሚመጣው።

ረቡዕ

የካርቦን-13 ኤን.ኤም.አር፣ ማለትም የአተም አስኳሎችን በጠንካራ ማግኔት ውስጥ የሚመረምረው መሣሪያ፣ ውጤት ደረሰ።

ከካርቦን አተሞች ውስጥ ይህ መሣሪያ የሚያያቸው 1.1 በመቶዎቹን ብቻ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ናሙናዎቹ ሃይድሮጅኑ በከባድ ሃይድሮጅን በተተካ ቴትራክሎሮኢቴን ውስጥ በ120 ዲግሪ ተሟምተው ሌሊቱን ሲለኩ አደሩ። ትንሽ የክሮሚየም ውሕድም ተጨምሯል፤ የካርቦኖቹ አስኳሎች ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ፈጥነው እንዲረጋጉና ከመስመሮቹ ሥር ያለው ስፋት በትክክል ቁጥራቸውን እንዲወክል ይረዳል። ያለዚህ ዝግጅት የሚገኝ ስፔክትረም የትኛው እንዳለ ይናገራል፣ ምን ያህል እንዳለ ግን አያስተማምንም።

የዚህ መሣሪያ ውበት እያንዳንዱ ካርቦን የሚሰጠው መስመር በጎረቤቶቹ መወሰኑ ነው። በሰንሰለቱ ላይ አንድ ሜቲሊን ራቅ ብሎ ሦስተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ካለ መስመሩ ይገፋል። ረጅም የኢትሊን ሰልፍ በ30.0 ፒፒኤም (የመሣሪያው መለኪያ አሃድ) ላይ አንድ ኃይለኛ መስመር ይሰጣል፤ የኢሶታክቲክ ፖሊፕሮፒሊን ሜቲል በ21.8፣ የሰንሰለቱ ሜቲሊን ደግሞ በ46.5 አካባቢ ይቆማሉ።

የ«ለ» ጎማ እንደተጠበቀው ነው። ከ19.8 እስከ 21.8 የተዘረጉ የፕሮፒሊን ሜቲሎች፣ ፕሮፒሊኖች ጎን ለጎን መሰለፋቸውን የሚያሳዩ በ46 አካባቢ ያሉ መስመሮች፣ ኢትሊን ከፕሮፒሊን ጋር የተገናኘበትን ቦታ የሚጠቁሙ በ37 እና በ38 መካከል ያሉ መስመሮች፣ እንዲሁም ብቸኛ ኢትሊን በሁለት ፕሮፒሊኖች መካከል ሲቀመጥ የሚወጣው በ24 ተኩል አካባቢ ያለው ምልክት። ሲሰላ ከክፍሎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ፕሮፒሊን ናቸው።

የ«ሀ»ን ስገልጥ ከወንበሬ ተነሣሁ። የ30.0 መስመር ሰማይ ነክቷል፤ ከጎኑ ግን በ14.1፣ በ22.9፣ በ32.2፣ በ34.5 እና በ38.2 ላይ የተሰለፉ መስመሮች አሉ። እነዚህ የፕሮፒሊን አይደሉም። ባለ ስድስት ካርቦን ቅርንጫፍ ከሰንሰለቱ ጋር ሲያያዝ የሚሰጠው ፊርማ ነው፤ 14.1 የቅርንጫፉ ጫፍ ሜቲል ነው፣ 38.2 ቅርንጫፉ የተተከለበት ካርቦን ነው። ስለዚህ የ«ሀ» ዋና ጎማ የኢትሊንና የኦክቲን (ባለ ስምንት ካርቦን ሞለኪውል) ኮፖሊመር፣ ማለትም ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት ውስጥ የተጣመሩበት ነው። በ20 አካባቢ አነስ ያሉ የፕሮፒሊን ሜቲሎችም ስላሉ፣ ፖሊፕሮፒሊኑ ገና ሪአክተር ውስጥ ሲሠራ አብሮት የተሠራ የኢትሊንና የፕሮፒሊን ጎማም ጥቂት አለበት፤ የኦክቲኑ ጎማ በኋላ በማቅለጫ ማሽን ተጨምሮበታል ማለት ነው።

ዳይኑስ የት ሄደ? በኢፒዲኤም ውስጥ በብዛት የሚገባው ኢትሊደን ኖርቦርኒን ድርብ ቦንድ ስላለው ሃይድሮጅንን በሚያየው በፕሮቶን ኤን.ኤም.አር ከ5.0 እስከ 5.3 ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ይታያል። በሁለቱም ናሙናዎች ላይ ሜዳው ባዶ ነው። ጥቁሩ ጭቃም ፖሊመር አልነበረበትም። ስለዚህ ምልክቱ ኢፒዲኤም ያለው ጎማ ከሁለቱ በአንዱም ውስጥ የለም። ምልክት የቤተሰብ ስም ነው፤ ጎማ ያለበት ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን ለመንገር በቂ ነው፣ የሰንሰለቱን ሥርዓት ለመንገር ግን አልተሠራም።

ሐሙስ

አሁን የእርጅናው ተጠርጣሪ ፊት ለፊት ይጠየቅ። ሰንሰለቶችን በርዝመታቸው የሚለየው የጂ.ፒ.ሲ መሣሪያ ነው፤ ለነዚህ ፕላስቲኮች ሁሉም ነገር፣ ከመርፌው እስከ መመርመሪያው፣ በ150 ዲግሪ በትራይክሎሮቤንዚን ውስጥ መሞቅ አለበት። በቀዳዳማ ዶቃዎች በተሞላው ቱቦ ውስጥ ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ወደ ቀዳዳዎቹ መግባት ስለማይችሉ ቀድመው ይወጣሉ፤ ትንንሾቹ በየቀዳዳው እየገቡ ይዘገያሉ። መሣሪያው የሚለየው በመጠን እንጂ በክብደት አለመሆኑን መርሳት አይገባም። ቱቦው የሚለካካው በፖሊስታይሪን ነው፤ አንድ ዓይነት ክብደት ያላቸው የፖሊስታይሪንና የፖሊፕሮፒሊን ሰንሰለቶች ግን በፈሳሽ ውስጥ የሚይዙት ቦታ እኩል አይደለም። ከ1967 ጀምሮ የሚታወቀው ሁለንተናዊ መለኪያ ይህን ያስተካክላል፤ ክብደቱን በውስጣዊ ዝልግልግነት አባዝቶ በፈሳሽ ውስጥ የሚያዘውን ቦታ ያነጻጽራል።

ከነጩ ቅርፊት ጀመርኩ፤ የሰንሰለት መቆራረጥ ካለ የሚታየው በፖሊፕሮፒሊኑ ላይ ነውና። በክብደት የሚሰላው አማካይ የሞለኪውል ክብደት በ«ሀ» ወደ 210,000፣ በ«ለ» ወደ 200,000 ነው፤ ከመለኪያው የተለመደ ልዩነት አይወጣም። በአጫጭር ሰንሰለቶች በኩል ያለው የጉብታው ጅራትም በሁለቱ ላይ አንድ ነው። የ«ለ» ጀርባ በስሱ አርጅቷል፤ ሆዱ ግን ጤነኛ ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነጻ ወጣ።

የጎማዎቹ ጉብታዎች ሌላ ወሬ ይዘዋል። የ«ሀ» ጠባብ ነው፤ ሁሉም የካታሊስቱ ማዕከሎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ እንዲህ ያለ ተቀራራቢ ርዝመት ያለው ሰንሰለት ይገኛል። የ«ለ» እጅግ ሰፊ ነው፤ ብዙ ዓይነት ማዕከል ያለው የዚግለርና ናታ ካታሊስት የሚሠራው ነው። ከኤን.ኤም.አሩ ጋር ይስማማል።

ዓርብ

ሁለት ነገሮች ቀርተውኝ ነበር።

አንደኛው ፎቶ ነው። ቁርጥራጮቹን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አቀዝቅዤ ሰበርኳቸው፣ የተሰበረውን ገጽ በአሟሚ አጠብኩ፤ ጎማው ወጥቶ የነበረበት ቦታ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የ«ሀ» ቀዳዳዎች አንድ ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የ«ለ» ደግሞ ከዚያ ያነሱ፣ የተቀራረቡና የተስተካከሉ ናቸው። ፕሮፒሊን የበዛበት ጎማ ከፖሊፕሮፒሊን ጋር ይበልጥ ስለሚዋደድ በደቃቁ ይበተናል። በፎቶ ብቻ ቢፈረድ ኖሮ የሚመረጠው «ለ» ነበር።

ሁለተኛው ዲ.ኤስ.ሲ በጎማዎቹ ላይ ብቻ። ረቡዕ በቅይጡ ላይ በጉርምርምታ የተዋጠው ምልክት አሁን ጥርት ብሎ ወጣ። የ«ሀ» ጎማ የመስታወት ሽግግር፣ ማለትም ሰንሰለቶቹ መንቀሳቀስ አቁመው የሚገግሩበት ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 53 ዲግሪ ነው። የ«ለ» ከዜሮ በታች 36 ዲግሪ ነው። በኢትሊንና በፕሮፒሊን ጎማ ውስጥ ፕሮፒሊኑ እየበዛ ሲሄድ ይህ ሙቀት ወደ ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ሽግግር፣ ወደ ዜሮ ዲግሪ አቅራቢያ፣ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ኤን.ኤም.አሩ ካሳየው ጋር ይገጥማል።

ማቀዝቀዣው ዜሮ በታች 30 ነበር። ከ36 በላይ ስለሆነ የ«ለ» ጎማ ገና ለስላሳ መሆን አልነበረበትም? እዚህ ላይ ፍጥነት ይገባል። ዲ.ኤስ.ሲ ናሙናውን በደቂቃ 10 ዲግሪ እያዘገመ ነው የሚጠይቀው፤ መዶሻው ግን መልስ የሚፈልገው በሺህኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ምቱ በፈጠነ መጠን ሰንሰለቶቹ ለመንቀሳቀስ ከፍ ያለ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። ስድስት ዲግሪ ብቻ ትርፍ ያለው የ«ለ» ጎማ ለመዶሻው ገና ድሮ የገገረ ነው፤ ስንጥቁ በደቃቅ ቅንጣቶቹ መካከል ሳይያዝ አለፈ። የ«ሀ» ጎማ 23 ዲግሪ ትርፍ ስለነበረው ተለጠጠ፣ በዙሪያው ያለውን ፖሊፕሮፒሊን አብሮ እንዲላወስ አደረገ፤ በታጠፈው መስመር ላይ የታየው ንጣት ይኸው ነው።

ሰኞ

ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ፦ ቅዝቃዜ ለሚያገኘው ዕቃ እንደ ምልክታቸው አንድ ላይ አይፈጩ። «ለ» ቤት ውስጥ ለሚያገለግል ሣጥንና ማስቀመጫ ጥሩ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ፖሊፕሮፒሊኑ ጤነኛ ነው፣ ታልኩም ግትርነት ይሰጠዋል። ለባምፐር የሚሆነው «ሀ»ን የመሰለው ነው። ከ«ለ» ምን ያህል ድርሻ ቢገባበት ቅዝቃዜውን እንደሚቋቋም በ10፣ በ25 እና በ50 በመቶ የተቀላቀሉ ዘንጎች ተቀርጸው ማቀዝቀዣ ገብተዋል።

እሱ ግን በየቀኑ ለሚመጣለት ቁርጥራጭ ሁሉ ኤን.ኤም.አር ማስለካት አይችልም፤ ማስለካትም አያስፈልገውም። አሁን ምን እንደምንፈልግ ስለምናውቅ አጭሩ መንገድ ይበቃል። ከቁርጥራጩ ትንሽ ፍቅፋቂ፣ ትንሽ ሙቅ ዛይሊን፣ ማቀዝቀዝ፣ ማጥለል፤ የተጠለለውን ጥቂት ጠብታ በኢንፍራሬዱ አልማዝ ላይ አድርቆ የ722ን ከፍታ ለ1376 ማካፈል። በ«ሀ» ላይ ይህ ውድር ከ«ለ» በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ታልኩና ቅርፊቱ ስለተለዩም ጣልቃ የሚገባ ነገር የለም። አሟሚውን የሚይዘው ጢስ መሳቢያ ያለበት ቦታ ሆኖ አንድ ኢንፍራሬድ ካለ ሥራው ይሄዳል።

ዛሬ ያንኑ ምልክት የያዘ ሦስተኛ ቁርጥራጭ በዚህ መንገድ አለፈ። ውድሩ በሁለቱ መካከል ወደቀ፤ ሽፋኑም ሲሳብ እንደ «ሀ» ይመለሳል፣ ጣት ላይ ግን እንደ «ለ» ይጣበቃል። ሁለቱም ጎማዎች በተቀራራቢ መጠን ያሉበት ሊሆን ይችላል፤ መካከለኛ ኢትሊን ያለው አንድ ጎማም ሊሆን ይችላል። በ14.1 ላይ መስመር መኖር አለመኖሩ ይለየዋል። «ሐ» ብዬ ሰይሜው የሟሟውን ክፍል ለሌሊቱ ልኬት አዘጋጅቻለሁ።